ከእንግዳ በላይ ያለው ስም

ጋሼ መኩሪያ መሞታቸውን የሰማሁት አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። ሐረር አብሮኝ ያስተምር የነበረ ሰው ለሥልጠና ደብረ ብርሃን መጥቶ መንገድ ላይ ተገናኘን። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ውኃው መጥፋት፣ ስለ ኑሮው ሲያወራኝ ቆየና፣ "የአከራይሽስ ነገር! አሳዘኑን እኮ" አለኝ።

"ምን ሆኑ?"

"እንዴ፣ አልሰማሽም?"

በፋሲካ ደውዬላቸው ስልካቸው ዝግ ነበር። ኔትወርክ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በማግሥቱም አልደወልኩም፤ በሳምንቱም አልደወልኩም።

ቀብራቸው ላይ ሰው ነበረ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የዕድሩ ሰዎች፣ የሰፈሩ እስላም ክርስቲያን፣ ጥቂት ጡረተኞች ነበሩ አለኝ። "አንድ ረጅም ሰውዬም ከድሬዳዋ መጥተው ነበር። ወንድማቸው ናቸው አሉ። አፈሩ ሲመለስ ዳር ቆመው አዩና ድንኳን ሳይገቡ ሄዱ።"

ሰውየው ከሄደ በኋላ የምገዛውን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ስለ እሳቸው አብሮኝ የሚያወራ ሰው በዚያ ከተማ አንድም አልነበረኝም። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ይመስለኛል።

ሐረር የተመደብኩት አማርኛ ላስተምር ነው። አገሬ ደብረ ታቦር ስለሆነ በዚያ ከተማ ዘመድ አልነበረኝም። ፈላና በር አጠገብ፣ ከጀጎሉ ግንብ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ክፍል የምትከራይባት ግቢ አለች ተብዬ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ግራጫ ኮት የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ከኮታቸው ኪስ የሚጠቀለል ሜትር ብቅ ብሏል።

"ትምህርት ቤቱ ከዚህ ሩቅ ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"በእግር አሥራ ሰባት ደቂቃ። በአንቺ እርምጃ አሥራ ዘጠኝ ይሆናል።"

"ሃያ ደቂቃ ያህል ማለት ነዋ።"

"ያህል ምንድን ነው?" አሉ፣ ቅር ብሏቸው። "አሥራ ዘጠኝ ነው እያልኩሽ።"

ዕድሜያቸውን ሁሉ የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነበሩ። በሰውና በሰው መካከል ድንበር ሲያስምሩ ኖረው በግምት የሚናገር ሰው መታገሥ አቅቷቸዋል። ዝናብ ሊዘንብ ነው ብላቸው እንኳ ቀና ብለው ሰማዩን ያዩና፣ "ይመስልሻል ወይስ ታውቂያለሽ?" ይሉኛል። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ የሞቱት እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። ልጅ አልወለዱም። ከውጭ ሲመለሱ የቤታቸውን በር ከፍተው "መጣሁ" ሲሉ በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ሰው አብሯቸው የሚኖር መስሎኝ ነበር።

የሚያጫውቱኝ እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ጨዋታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አድገህ። አድገህ የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የኖረ የበጌምድር ወታደር ነው። ይህን "ገደማ" ራሳቸው ይሉታል፤ ሲሉትም ያፍራሉ። ጭኑን በጦር ተወግቶ ስለ ነበር ሲሄድ ያነክስ ነበር። ብርቄ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው። አንድ ጊዜ ዘምቶ ብዙ ዓመት ቆይቶ ሲመለስ፣ ጥሎት የሄደው ወንድ ልጁ እንግዳ አድጎ፣ በር ላይ የበቅሎውን ልጓም ይዞ ተቀበለው። ከእንግዳ ገላው ተወለደ፣ ከገላው ደስታ፣ ከደስታ በላቸው። በላቸው ወደ ሐረር መጥቶ ቀረ። ተሰማን ወለደ፤ ተሰማ ደግሞ መኩሪያንና አየለን። ጋሼ መኩሪያ ይህን ሲቆጥሩ በሌባ ጣታቸው ጉልበታቸውን እየነኩ ነው፤ ለእያንዳንዱ አባት አንድ ጊዜ።

ወንድማቸው ሻለቃ አየለ ድሬዳዋ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የጦር መኮንን ናቸው። አድገህን ሠዓሊ ቀጥረው አሥለው፣ ከነጋሻውና ከነፈረሱ ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውታል።

"ፈረሱ ነጭ መሆኑን ማን ነገረህ አልኩት" አሉኝ ጋሼ መኩሪያ አንድ ቀን እየሳቁ። "ፈረስ ይኑረው አይኑረው እንኳ የምናውቀው ነገር የለም። በቅሎ ነው የሰማነው።"

"ምን አሉዎት?"

"ወታደር ከወታደር ነው የሚወለደው አለኝ። ለፈረሱ ግን መልስ አልሰጠኝም።"

መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ አንድ ክረምት ወደ አገሬ ስሄድ አብረን እንሂድ አሉኝ። ሳይሞቱ የአድገህን አገር ማየት ፈልገዋል። ከደብረ ታቦር ወዲህ ያለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ናት። አውቶቡስ እየቀያየርን ሦስት ቀን ተጓዝን፤ የመጨረሻውን በእግር። በቤተ ክርስቲያኑ የነበሩት መሪጌታ ደግ ሰው ነበሩ። ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ያረጀ ወንጌል ከጨርቁ ፈተው አወጡ። መጨረሻው ላይ ባለው ባዶ ገጽ የአገሩ ሰው ርስት ሲያወርስ የተጻፈ ጽሑፍ አለ። መሪጌታው በጣታቸው እየተከተሉ ለራሳቸው አነበቡና ቀና አሉ።

"አድገህ የሚባል ወታደር ርስቱን ለሁለት ይከፍላል። እኩሌታውን ለወለዳት ለብርቄ ይሰጣል። እኩሌታውን ደግሞ ከዘመቻ ላመጣው፣ ልጄ ላለው፣ ለእንግዳ።"

"ልጄ ይላል አይደል?" አሉ ጋሼ መኩሪያ።

"ልጄ ያልሁት ነው የሚለው፣ አባቴ። የወለድሁት አይልም። ብርቄን ግን የወለድኋት ይላታል። ኋላም ዘሬ አይደለም ብሎ ልጁን ከርስቱ የሚነቅል ሰው ቢኖር ውጉዝ ይሁን ብሎ አስገዝቷል።"

ሦስት ጊዜ አስነበቧቸው። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ መጠየቅ ጀመሩ።

"ከየት እንዳመጣው ይላል?"

"አይልም።"

"የማን ልጅ እንደ ነበረስ?"

"አይልም።"

"ዕድሜውን?"

"አባቴ፣ ሌላ ምንም የለውም። ይኸው ነው።"

ወጥተን ከቅጽሩ ግንብ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ መሪጌታውን አመስግኜ፣ ሰዓሊተ ምሕረት እያለች የምትጸልይ አንዲት አሮጊት መነኩሴ አልፌ ስመጣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

"እንግዳ" አሉ። "ስሙ እኮ ነግሮን ነበር። ይኸው ስድሳ ዓመት ስቆጥረው፣ እንግዳ፣ እንግዳ እያልኩ፣ ልቤ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረም።"

ባርኔጣቸውን እያዞሩ፣ "እናቱ ስንት ቀን ፈልጋው ይሆን?" አሉ።

ወደ ሐረር ከተመለስን በኋላ የእሑዱ ጨዋታ ቀረ። ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ አንድ ቀን በር ላይ ያዙኝ። "ምን አደረግሽብኝ ሰውዬውን? ወላሂ፣ በሰላም ወስደሽ ሌላ ሰው ይዘሽልኝ መጣሽ" አሉኝ። ጋሼ መኩሪያ ለማንም እንዳልናገር አስምለውኝ ስለ ነበር፣ መንገዱ ደክሟቸው ነው አልኩ።

"አየለ ከሰማ ይሞታል" ነበር ያሉኝ ሲያስምሉኝ። "ያ ልጅ የተማረከ ልጅ ነው፣ መምህርት። የማንን ቤት አቃጥለው እንዳመጡት አናውቅም። አየለ በአድገህ ነው የቆመው። እሱን ከሥሩ ስስብበት ምን ላቆምለት ነው?"

ዓመት ያህል እንዲሁ አለፈ። ምናልባት እስኪሞቱም ዝም ይሉ ነበር፤ ሕይወት ባትመጣ ኖሮ።

ሕይወት የሻለቃ አየለ ልጅ ናት። ልጅነቷን ክረምት ክረምት እነጋሼ መኩሪያ ቤት ነው ያሳለፈችው፤ አባባ ነው የምትላቸው። ድሬዳዋ ነርስ ሆና ስትሠራ ዮናስ የሚባል መሐንዲስ ወደዳት፣ ወደደችውም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፊቷ አብጦ መጣች። ጋሼ መኩሪያ ወንበር ሳቡላት። እኔ ልወጣ ስነሣ፣ "ተቀመጪ፣ አንቺም ስሚ" አለችኝ።

ሽማግሌዎች ለመጠያየቅ ተቀምጠው ነበር። በወግ መሠረት ሁለቱም ወገን ዘሩን ይቆጥራል። በእሷ ወገን አባቷ ተነሥተው ቆጠሩ፤ አየለ፣ ተሰማ፣ በላቸው፣ ደስታ፣ ገላው፣ እንግዳ፣ አድገህ። የዮናስ አጎትም ከበጌምድር የመጡ ሰው ናቸውና በእናትም በአባትም እያሉ ወደ ላይ ሲወጡ ብርቄ ላይ ደረሱ። ከብርቄ በላይ ያለው አድገህ ሆነ።

"አባዬ መጀመሪያ ደስ አለው" አለች ሕይወት። "ዘመዴ! ብሎ ዘሎ የዮናስን አጎት አቀፈ። ሰዉ ሁሉ ዝም ሲል ነው የገባው። ሰባተኛው ላይ እንገናኛለን፣ አባባ። ወንድምና እኅት ናችሁ፣ ሰርግ የለም አለን።" ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም።

ጋሼ መኩሪያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጣታቸው አልተንቀሳቀሰም።

"ዮናስ ከብርቄ መወለዱ እርግጥ ነው ወይስ ይመስላቸዋል?"

"እርግጥ ነው። እያንዳንዱን በስም ቆጥረዋል።"

ወደ እኔ ዞሩ። "መምህርት፣ አየለ ጋ ደውዪልኝ። የልጁንም አጎት፣ የንስሐ አባታቸውንም ይዞ ቅዳሜ ይምጣ በዪው።"

በሳምንቱ መጡ። ሻለቃ አየለ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ ላይ ቆልፈው፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሕይወት ከበሩ አጠገብ ቆመች። ጋሼ መኩሪያ መሪጌታው ያነበቡትን ሁሉ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ልክ እንደ ሰሙት ተናገሩ። ሲጨርሱ የዮናስ አጎት አንገታቸውን ደፉ። ቄሱ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ስለዚህ" አሉ ጋሼ መኩሪያ፣ "የዮናስ ዘር ወደ አድገህ ይወጣል። የእኛ እንግዳ ላይ ይቆማል። በሥጋ አይገናኙም።"

"ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው?" አሉ ሻለቃ አየለ። "የምርኮኛ ልጆች ነን እያሉ ነው? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?"

"ከእናቱ የተወሰደ ልጅ የልጅ ልጆች ነን ነው ያልኩት።"

"አንድ የደብር ቄስ የጫረው ነገር ነው! ማን ያውቃል?"

"አየለ፣ ቆሜ አስነብቤዋለሁ። ይህችም መምህርት ምስክር ናት። በግምት እንደማልናገር ታውቃለህ።"

ሻለቃ አየለ ተነሡ። "አንተ" አሉ። ታላቅ ወንድማቸውን አንተ ሲሉ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። "አንተ ልጅ የለህም። ስም ቢወድቅ የሚወድቀው በእኔ ልጆች ላይ ነው።"

ይህን ብለው ወጡ። ሕይወት አባቷን ተከትላ ልትወጣ ስትል በዓይኗ ወደ አጎቷ ዞር አለች፤ በእጃቸው ሂጂ አሏት።

ቄሱ ነገሩን ይዘው ከሊቃውንቱ ጋር ተመካከሩበት። በሁለተኛው ሳምንት ጋብቻውን የሚከለክል ነገር የለም የሚል መልስ መጣ። ሻለቃ አየለም በመጨረሻ እሺ አሉ፤ ልጃቸውን ይወዷታል። ግን ሁለት ነገር ቃል አስገቧት። ለሰዉ የሚነገረው በቆጠራው ላይ አንድ አባት ተዘልሎ ነበር ተብሎ ነው። ጋሼ መኩሪያ ደግሞ ሰርጉ ላይ አይጠሩም።

ሕይወት ይህን በስልክ ስትነግራቸው እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። "ገብቶኛል" ነው ያሉት። "ገብቶኛል፣ ልጄ። አታልቅሺ። ቀሚሱ ደረሰልሽ?"

የሰርጉ ቀን እሑድ ነበር። ለእኔ መጥሪያ ደርሶኝ ነበር፤ አልሄድኩም። ጠዋት ግቢውን ስጠርግ ጋሼ መኩሪያ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጫማቸውን ቀብተው ወጡ። እማማ ዘሃራ ከአጥሩ ማዶ አዩዋቸው።

"ማሻአላህ! ተጠሩ እንዴ?"

"አልተጠራሁም።"

"ታዲያ ይህ ሁሉ?"

"ሰርግ ነው፣ ዘሃራ። የልጄ ሰርግ ነው።"

እማማ ዘሃራ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ወደ ቤታቸው ገቡ። እሳቸው ወደ ፈላና በር መውረድ ሲጀምሩ ተከተልኳቸው። በበሩ ዙሪያ እንደ ወትሮው የገጠር ሰዎች መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ቲማቲም፣ ጎመን፣ ማገዶ፣ ከሶፊ የመጣ ጫት። ከተሸካሚውና ከባጃጁ መካከል፣ በዚያ በተወለወለ ጫማ፣ ቀስ እያሉ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ያዩ ጀመር።

"ምን ይፈልጋሉ፣ ጋሼ?"

"ምንም።" ከዚያ፣ "ከየት እንዳመጣው አይልም አሉን አይደል? እንግዲህ ከየትም ሊሆን ይችላል። ይህች ሴትዮ የአክስቴ ዘር ልትሆን ትችላለች። ያ ባለ ማገዶውም።" ትንሽ ሄዱና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ግምት ነው። በግምት ዘመድ አይባልም።"

ከድሬ ጠያራ ቲማቲም የሚያመጡ ኦቦ ዩሱፍ የሚባሉ ሽማግሌ ደንበኛቸው ነበሩ። ጨርቅ ገልበጥ አድርገው አስቀመጧቸው። የክራቫቱን ነገር አልጠየቁም። ጋሼ መኩሪያ ቲማቲም አልገዙም።

"ኦቦ ዩሱፍ፣ አባቶችህን ትቆጥራለህ?" አሉ ድንገት።

"እንዴ! የማይቆጥር ሰው አለ?" ኦቦ ዩሱፍ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ አሥራ አንድ አባት ደረደሩ። ሲጨርሱ ሳቁ። "አንተስ? በል፣ ቁጠር።"

ጋሼ መኩሪያ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። እየነኩ ቆጠሩ፤ ተሰማ፣ በላቸው፣ ደስታ፣ ገላው፣ እንግዳ። እዚያ ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ከዚያስ?" አሉ ኦቦ ዩሱፍ።

"አላውቀውም። ልጅ ሆኖ ወታደር ወሰደው። አባቱን የነገረን የለም።"

ኦቦ ዩሱፍ የሳቁት ሳቅ ከፊታቸው ጠፋ። አንድ ቲማቲም አንሥተው በጋቢያቸው ጠረጉ፣ መለሱት።

"አላህ ያውቀዋል" አሉ በመጨረሻ።

"ያውቀዋል?"

"ያውቀዋል እንጂ! እሱ ዘንድ የጠፋ ልጅ የለም።"

ጋሼ መኩሪያ መሬት መሬት አዩ። ሰዉ በላያችን እየተራመደ ይሄዳል፤ አንዷ ጎመን ሻጭ በኦሮምኛ ደንበኛ ትጠራለች። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ላይ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ትገባ ነበር።

"እንግዲያው ደግ" አሉና እጃቸውን ለኦቦ ዩሱፍ ሰጧቸው፤ ተነሥተው ወደ ቤት ተመለስን። በሩን ሲከፍቱ "መጣሁ" አላሉም። ያን ቀን አላሉም።

ሕይወት ካገባች በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጊዜ መጣች፤ ሦስቱንም ጊዜ ለአባቷ ሳትነግር። ከዚያ የባሏ ሥራ ወደ ሐዋሳ ተዛወረና መንገዱ ራቀ። ልጅ ስትወልድ ፎቶ ላከችላቸው። በእኔ ስልክ ነው ያዩት፤ የእሳቸው ፎቶ የሚቀበል አልነበረም። ስልኩን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ አስፍተው፣ አጥብበው አዩት። ማንን ይመስላል ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፣ ተውኩት። ወንድማቸውን በየበዓሉ ይደውሉላቸዋል። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። "ቁጥሬን አልዘጋውም" ይሉኛል፤ "ቢዘጋው ኖሮ አይጠራም ነበር።"

አንድ ቀን፣ ያን ጊዜ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ የሚሻል አይመስልዎትም ወይ አልኳቸው። ወንድምዎ ይኖሩዎት ነበር አልኳቸው።

"አየለ አለኝ" አሉ። "እሱ የለኝም ቢልም እኔ አለኝ። ያችን ልጅ ግን በሌላት ዝምድና አስሬ ማስቀረት አልችልም። ድንበር የሌለበት ቦታ ካስማ ተክዬ አላውቅም።" ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ደግሞ ፈገግታው ቀረ። "ቤቱ ግን በጣም ሰፋብኝ፣ መምህርት።"

እኔም ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። ዝውውሩን የጠየቅሁት ራሴ ነኝ፤ እናቴ ታማብኝ ነበር፤ ወደ እሷ የሚቀርብ ቦታ ያገኘሁት እዚያ ነው። ስነግራቸው "ትክክል ነው" አሉ፤ በማግሥቱም "ትክክል ነው" አሉ፤ ሳልጠይቃቸው።

የሄድኩ ቀን ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን አልሰጥም ብለው ተሸክመው ሸኙኝ። ትኬት የምታየው ሴት ቸኩላለች።

"በይ፣ አባትሽን ተሰናብተሽ ግቢ!" አለችኝ።

"አባቷ አይደለሁም" አሉ ጋሼ መኩሪያ ወዲያው። "ጎረቤቷ ነኝ።"

እንደዚያ ማለታቸው አይቀርም ነበር፤ አውቃቸዋለሁ። ሦስት ጊዜ ተሳሳምን፤ ገብቼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ መስታወቱን በጣታቸው መቱ። ከፈትኩት።

"ስትደርሺ ደውዪልኝ።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

"አትርሺ። አዲስ አበባ ስትደርሺ አይደለም። ቤትሽ ስትገቢ።"

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ሻንጣዬን ሳላወርድ ደወልኩላቸው። አንድ ጊዜ እንኳ በደንብ ሳይጠራ አነሡት።

"ገባሽ?"

"ገባሁ።"

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከበስተጀርባ የእማማ ዘሃራ ድምፅ፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የሰው ሁካታ ይሰማል፤ ወንበር አውጥተው ውጭ፣ በር ላይ ተቀምጠው ኖሯል።

"እንግዲያው" አሉ፣ "አሁን ወደ ቤት ልግባ።"